መርዶ በቀን አይነገርም

አስማማው ልብስ ሰፊው በዕድሜው አንዲት ኳስ መትቶ አያውቅም። ግራ እግሩ ገና በአራት ዓመቱ ሰልላ የቀረች ናት። ከደብረ ወርቅ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ሲገባም ሀብቱ አንድ ምርኩዝና አጎቱ ያወረሱት አሮጌ የስፌት መኪና ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ኳስ ሲያወራ የሰማው እንግዳ ሁሉ «ይህ ሰውዬ በጉብዝናው ወራት አንድ ቡድን ተሸክሞ የኖረ ነው» ብሎ ይምልለት ነበር። ተከላካዩ የት መቆም እንዳለበት፣ በረኛው መቼ መውጣት እንደነበረበት፣ ዳኛው የትኛውን ጥፋት እንዳላየ፣ አስማማው ከመርፌው ቀና ሳይል ይነግርሃል። እግሩ የቀረበትን አፉ ሮጠለት እያሉ የሚያሾፉበት አልጠፉም። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ሱቁ ከገበያው ወደ ሮብ ገበያ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መንገድ ዳር በመሆኑም ሱቅ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከላይ ከስናን የሚወርደው ገበሬ ሁሉ መልእክቱን የሚያኖርበት ቦታ ሆነ። በቅል የተላከ ቅቤ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብዳቤ፣ «ለእገሌ ልጅ ላሚቱ መውለዷን ንገሩልኝ» የሚል ቃል፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይቀመጣል። አስማማው አደራ በልቶ አያውቅም። ይህን አንድ ነገር ጠላቱም አይክደውም፤ ታሪኩ የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው።

ሌላው አደራው ንጋት ነበር። ንጋት የሰፈሩ እግር ኳስ ቡድን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የቡድኑን ማልያ በነጻ የሰፋው፣ በታጠበ ቁጥር የሚላቀቀውን ቁጥር መልሶ የሚሰፋው አስማማው ነው። ሚስቱ የብርጓል «እኔን ከማግባትህ በፊት ኳስ ማግባትህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ትለዋለች። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ንጋት ያሸነፈው ነገር ቢኖር የደጋፊውን ትዕግሥት ነው። በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ግን እግዜር ዞር ብሎ አየውና ለዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የደምበጫ ቡድን ሲሆን ጨዋታው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ማርቆስ ተባለ።

የዚያን ሳምንት የተሰፋ ልብስ የለም። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ሱሪውን ረስቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ተቀምጦም አይነሣም። ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሦስት ነበሩ። አንዱ የወፍጮ ቤቱ ደመላሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ድምፅ በላይ ሲጮኽ ስለኖረ በሹክሹክታ የሚናገረው ሁሉ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። የሰፈሩ እድር ዳኛም እሱ ነው። ሁለተኛው የስፖርት አስተማሪው ፍሥሐ ነው፤ የንጋት አሰልጣኝ። ሦስተኛው የአስማማውና የግማሹ ሰፈር የንስሐ አባት ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። እኒህ ቄስ ቅዳሴ ሲያልቅ ጠበል ቀምሰው በቀጥታ የሚሄዱት ወደ ቤታቸው አይደለም፤ ወደ አስማማው ሱቅ ነው።

«የደምበጫን በረኛ አይታችሁታል?» ይላል ደመላሽ። «ቁመቱ ከግቡ አግዳሚ ይስተካከላል። እጁን ሳይዘረጋ ነው የሚይዛት።»

«ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት ይከብደዋል» ይላል አስማማው። «በመሬት ነው መምታት።»

«አንተ ደግሞ መቼ ኳስ መትተህ ታውቃለህና!»

«ከግቡ ሥር ክታብ አስቀብረዋል የሚባል ወሬ አለ» ይላል አንዱ ከበር።

«ተው እስቲ!» ይላሉ አባ ኃይለ ሚካኤል ተቆጥተው። «ክታብ ኳስ የሚይዝ ቢሆን ደምበጫ ብቻ ነው ክታብ ያለው? እኛስ አሥራ ሰባት ዓመት ምን ሆነን ተሸነፍን?»

ከሁሉ የከፋው ክርክር ግን የሪጎሬው ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ቢገኝ ማን ይምታ? ደመላሽ አምበሉ ይምታ ይላል። አስማማው ደግሞ ከአጥቂው ከምናለ በቀር ሌላ ሰው ኳሷን ቢነካት እኔ ሜዳውን ለቅቄ እወጣለሁ ይላል።

«ምናለ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የሚመታው! ደምበጫዎች ይህን አያውቁም ብለህ ነው?» ይጮኻል ደመላሽ።

«ቢያውቁስ? ዝናብ መምጣቱን ስላወቅህ ሳትበሰብስ ቀርተህ ታውቃለህ?»

ፍሥሐ ሁለቱንም እየሰማ ጥፍሩን ይበላል። በመጨረሻ ሐሙስ ዕለት «በቃ፣ ምናለ ይምታ» አለ። አስማማው ያን ዕለት ከሱቁ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምርኩዙን መሬት ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ አድርጎ የሄደ ይመስል ነበር።

ምናለ የንጋት አሥር ቁጥር ነው። ሀገሩ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ጮቄ ሥር ነው። ቀን ቀን እህል ተራ ጆንያ ያወርዳል፤ የሚያድረው ከአስማማው ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ለእናቱ ለወይዘሮ ሥራነሽ አንድ ልጅ ነው። ሥራነሽ ከሚያዝያ ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። ልጁ አንድ ሳምንት ሄዶ አስታመማቸውና «ተሽሎኛል፣ ሂድ» ሲሉት ተመለሰ። ተመልሶ የመጣ ማታ ግን አስማማውን ለብቻው ከሱቁ ኋላ ጠራው።

«ጋሼ አስማማው፣ ከሀገር ወሬ ከመጣ የሚመጣው እርስዎ ዘንድ ነው።»

«አዎ፣ ሌላ የት ይመጣል።»

«ደግም ይሁን ክፉ፣ እንደመጣ ይንገሩኝ። ሰው እንደሚያደርገው አይደብቁኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ማን እንደተሸከመው እንኳ አላየሁም፤ አፈር አላለበስሁትም። እናቴን እንዲያ ከሆንሁባት ሰው ሆኜ የምኖር አይመስለኝም።»

«እነግርሃለሁ» አለ አስማማው። «በማርያም ይሁንብኝ።» ልጁም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው።

እሑድ ጠዋት ከተማው በማለዳ ተነሣ። አስማማው እሑድ የስፌት መኪናውን አይነካም፤ በነጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ሱቁን ግን ለወሬ ይከፍታል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፍሥሐ አሰላለፉን በኖራ ወለሉ ላይ ጽፎ፣ ደመላሽ በእግሩ እያጠፋ፣ አባ ኃይለ ሚካኤል በመቋሚያቸው መልሰው እየጻፉ ነበር። ተጫዋቾቹ ያደሩት ፍሥሐ ቤት ነው። የምናለ ማልያ ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

የፈረስ ኮቴ ተሰማና አስማማው ወደ በሩ ዞር አለ። ፈረሱ በላብ ተነክሯል። የወረደው ሰው እንዳላማው ነው፤ የሥራነሽ ጎረቤት። አስማማው ጋቢው የተጣፋበትን አኳኋን ሲያይ ገና ሳይነገረው ለቅሶ መሆኑ ገባው። ምርኩዙን ይዞ ወጣ።

«አረፈች» አለ እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዶሮ ሲጮኽ ነው። ልጁ የት አለ? አሁን ከተነሣን በጊዜ እንደርሳለን። አስከሬኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅለታለን።»

እዚህ ላይ አስማማው ማድረግ የነበረበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ፍሥሐ ቤት ሩቅ አይደለም፤ በእሱ እግር እንኳ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሄዶ ልጁን ጠርቶ፣ ከፈረሱ ጎን አቁሞ ቢነግረው አልቆ ነበር። ነገር ግን መርዶ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ቄስ ያስፈልጋል፤ ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ ሲጥል የሚይዘው ጉልበት ያስፈልጋል። አስማማው በልጅነቱ ደብረ ወርቅ አንዲት ሴት የባሏን ሞት ከአንድ ችኩል ሰው አፍ በድንገት ሰምታ ከግንብ ላይ ስትወድቅ አይቷል። ስለዚህ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ፈለገ። ሽማግሌ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የእድሩ ዳኛ፣ ቄሱ፣ አሰልጣኙ፣ ሁሉም እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጠዋል። «አንድ ጊዜ ቆየኝ» ብሎ እንዳላማውን ከፈረሱ ጋር ትቶ ገባ። ገብቶም ነገራቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አስማማው ይህን ተረት ሺህ ጊዜ ተናግሮታል፤ የገባው ግን ያን ጊዜ ነው።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም። አባ ኃይለ ሚካኤል አማተቡና «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወለተ ሐዋርያት መሆኑን ሲሰሙ በከንፈራቸው አነበነቡላት። ከዚያ ሁሉም በሐዘን አቀረቀሩ። ቆየት ሲል ግን አስማማው ቀና ብሎ ቢያይ የሁሉም ዓይን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አሥር ቁጥር ማልያ ሄዷል።

«ዛሬ?» አለ ደመላሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት በሹክሹክታ ተናገረ።

ፍሥሐ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ያለ ምናለ እኮ…» ብሎ ተወው። ማንም አልጨረሰለትም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ እንጂ፣ እንሂድ» አለ አስማማው።

«ወዴት?» አሉ አባ ኃይለ ሚካኤል። «አስማማው፣ መርዶ በቀን አይነገርም። ሥርዓቱን አንተ አታውቀውም? ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ዛሬ ከተማው በደጋፊ ተሞልቷል። በዚህ ሁሉ ሰው መሐል እናትህ ሞተች ልትለው ነው?»

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ፣ አባ!»

«ለሟች የሚያስፈልጋት ጸሎት ነው። ጸሎቱን እኔ አደርሳለሁ።»

«ለሟችስ ይሁን። ለልጁስ?»

ደመላሽ ጣልቃ ገባ። «ልጁ ቢሄድ ያስነሣታል? እሷ እንደሆነ አርፋለች። ነገ ሌሊት ሁላችን ሄደን እናረዳዋለን፤ እድሩ ድንኳን ይተክልለታል፤ ሰልስቱን እናወጣለታለን። አሥራ ሰባት ዓመት፣ አስማማው! አሥራ ሰባት ዓመት አንተው ራስህ አይደለህ የጠበቅኸው?»

ክፋቱ ይህ እውነት መሆኑ ነው። በአስማማው ደረት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር፣ እሱ የማይፈልጋት፣ እውነታቸውን ነው ትለዋለች፤ ስለዚህም ከነሱ ይልቅ ራሱን ጠላ። «ቃል ገብቼለታለሁ» አለ። «በማርያም ብዬለታለሁ። የአባቱን ቀብር አላየም፤ የእናቱን…»

አባ ኃይለ ሚካኤል የእጅ መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁ በአደባባይ ሲወድቅ በዓይነ ሕሊናቸው ታይቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ዋንጫውም ታይቷቸው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው ያን ጊዜ እዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። «እንግዲያው ቃልህ እንዳይከብድህ እኔው ልሸከምልህ» አሉ። «ነገ ጎህ ሳይቀድ ለልጁ፣ ወይም ለልጁ ለሚነግር ሰው የተናገረ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ግዝት ነው። ገዝቻለሁ።»

ግዝት የወጣው ድንበር ለሚገፋ፣ ማሳ ለሚያቃጥል፣ እውነት ለሚደብቅ ሰው ነው። እውነት እንዳይወጣ፣ ያውም ለኳስ ሲባል፣ ግዝት ሲነገር አስማማው ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ግዝት ግዝት ነው። ግዝት የጣሰ ሰው ጦሱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል እየተባለ ያደገ ሰው ነው። መስቀሉ ወደ ከንፈሩ ሲመጣ ተሳለመ። ምላሱ ያን ጊዜ ታሰረ።

እንዳላማውን ያነጋገረው ደመላሽ ነው። «አንተ ቅደም፣ እኛ በመኪና ይዘነው እንመጣለን» አለው። ገበሬው አመነ፤ ቄስ አጠገቡ ቆመው ለምን አያምንም? ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ ወጣና ኮርቻው ላይ ሆኖ ወደ አስማማው ዞረ። «እስከ ዘጠኝ እንጠብቀዋለን። ቢዘገይም እንጠብቀዋለን፤ አንድ ልጇ አይደል» አለ። አስማማው ራሱን ነቀነቀ። ራሱን ማን እንዳስነቀነቀው አያውቅም። ፈረሱ አቀበቱን ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየው።

ከዚያ ፍሥሐን በእጅጌው ጎትቶ ወደ ውጭ አወጣው። «አታሰልፈው» አለው። «ምንም አትንገረው፤ ብቻ ዛሬ አትጫወትም፣ ወደ ሀገርህ ሂድ በለው። ይህ ከግዝቱ ውጭ ነው።»

የፍሥሐ ዓይን ቀልቷል። «ጋሼ አስማማው፣ ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ደግሞስ ሜዳው ላይ ይህን ሁሉ ሰው ምን ልበለው?» አለ። መልስ አልጠበቀም፤ ተጫዋቾቹን ሊያበላ ሄደ።

አስማማው ቤቱ ገባ። የብርጓል ፊቱን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችው። እግሬን አመመኝ አላት። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እግሬን አመመኝ ሲል ሰምታው አታውቅምና ደንግጣ ውኃ ልታሞቅለት ተነሣች። ምሳ ቀረበለት፤ አንዲት ጉርሻ አላነሣም። ሆድ ይፍጀው ይላሉ ሰዎች፤ ሆድ ግን የማይፈጀው ነገር አለ።

አስማማው ወደ ሱቁ ከተመለሰ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምናለ ራሱ መጣ። ከኋላው ሕፃናት እየዘፈኑ ይከተሉታል። አግዳሚው ላይ አባ ኃይለ ሚካኤልና ደመላሽ እንደ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ልጁ ሁሉንም ሰላም ብሎ ማልያውን ከግድግዳው አውርዶ ለበሰና ጀርባውን ለአስማማው ሰጠው።

«ጋሼ፣ የአሥሩ ጫፍ ተላቆ የለም? በማርያም አንድ ሁለት ጊዜ ይውጉልኝ። ሰንበት መሆኑን አውቃለሁ።»

«መኪናውን አልነካም። በእጄ እሰፋዋለሁ» አለ አስማማው። ልጁ ፊቱን ባለማየቱ እግዜርን አመሰገነ። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት አራት ጊዜ ሞከረ፤ ይህ ሰው በጨለማ ክር የሚያስገባ ነበር።

«ከስናን በኩል የመጣ ሰው የለም ዛሬ?» አለ ምናለ።

ደመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ኃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ያዩ ጀመር። ግዝቱ ዝም በል ነው እንጂ ዋሽ አላለም። አስማማው ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝም ቢል ግን ልጁ ዞር ሊል ነው፣ ዞር ካለም ፊቱን ሊያየው ነው።

«ሰንበት አይደል» አለ። «በሰንበት ማን ይመጣል።»

«እውነትዎን ነው። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ፍሥሐ ዋንጫውን ለአንድ ቀን ሊያውሰኝ ቃል ገብቶልኛል። እናቴ ምን አለችኝ መሰለዎ? ጠላ ለማይጠጣበት ዋንጫ ይህን ያህል መሮጥ ምን ይሉታል አለችኝ። ሞልቼ ነው የማጠጣት።» ሳቀ። ሲስቅ ጀርባው ተንቀሳቀሰና መርፌው ማልያውን አልፎ ሥጋውን ወጋው።

«ወጋሁህ!»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ይስፉ።»

አስማማው ሰፋ። አጥብቆ፣ ደጋግሞ፣ ለአንድ ማልያ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፋ። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ከአፉ እስከ ልጁ ጆሮ ያለው መንገድ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። አልወጣችም። ክሩን በጥርሱ ቆረጠው።

ምናለ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ሪጎሬ ከተገኘ እኔ እንድመታ ነው የተባለው?»

«አንተ ምታ» አለ አስማማው። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ስለ ጨዋታው ብዙ የሚባል የለም። ሰው ከሜዳው ተርፎ ዛፍ ላይ ወጥቷል። አስማማው ሁልጊዜ በሚቀመጥባት ቦታ ተቀመጠ። ፊሽካው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነፋ እሱ ያየው ኳሷን አይደለም። አሁን አስከሬኑን ከቤት አወጡት፣ አሁን ልጁ ይመጣል ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ፣ አሁን እንዳላማው «በመኪና ነው የሚመጡት» ይላቸዋል እያለ ሲያስብ ደምበጫ አገባ። በሰውም ጩኸት አልባነነም። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሪጎሬ ተገኘ። ምናለ ኳሷን አስቀመጠ። ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ልጁ በዚያ በለመደው በግራ በኩል መታት፤ ረጅሙ በረኛ ጎንበስ ብሎ ያዛት።

«ተናግሬ ነበር!» ብሎ ጮኸ ደመላሽ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ሌላው ሰው ግን ምንም የሚያውቀው ነገር የለምና አፉን የሚይዝበት ምክንያት አልነበረውም። ቀን ሲዘፍኑለት የነበሩት ሕፃናት ሳይቀሩ ተሳደቡ። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ ምናለ ሜዳው መሐል ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ተቀመጠ፤ ያነሣው ሰው የለም። አስማማው ሊያነሣው ፈለገ፤ ምርኩዙን ይዞ ሕዝቡን ሰንጥቆ እስኪደርስ ልጁ ሄዷል።

በነጋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ሱቁ ደጃፍ ተሰበሰቡ። የቀረ የለም። ደመላሽ፣ ፍሥሐ፣ ሌሎችም ከእድሩ፣ ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። የብርጓልም ሌሊቱን ሰምታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታለች፤ ባሏን ግን ቀና ብላ አላየችውም። አባ ኃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። ግዝቱ ተፈታ። በአስማማው አፍ ውስጥ ግን ምንም የተፈታ ነገር አልነበረም።

ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። በምናለ በር ሥር የኩራዝ ብርሃን ይታያል። ፍሥሐ ገና አንድ ጊዜ ሲያንኳኳ በሩ ተከፈተ። ልጁ አልተኛም። ማልያውንም አላወለቀም፤ ዓይኑ አብጧል። ያን ሁሉ ሰው፣ ቄሱን ከነመስቀላቸው፣ አስማማውን ከነምርኩዙ፣ አንድ በአንድ አየ።

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው በሩ ላይ ሲያይ ገና ሳይናገሩ ይጮኽ ነበር፤ በዚህ ሀገር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መካሪ አያሻውም። ምናለ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎንበስ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ ደመላሽ በግራ አትምታ ብለው ነበር፤ አልሰማሁም። ለእኔ ብላችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ፣ በዚህ ብርድ እስከዚህ ድረስ… አባ፣ እርስዎም? ለአንድ ሪጎሬ? እንዲህ የምታዝኑልኝ አልመሰለኝም ነበር። ጋሼ አስማማውን አትቆጡብኝ፤ እሳቸው አምነውኝ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ፍሥሐ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባ ኃይለ ሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ስንት ሰው ያረዳ፣ ስንት ሐዘንተኛ ያጽናና አፍ ቃል አላወጣም። የሁሉም ዓይን ወደ አስማማው ሄደ።

«ተነሥ ልጄ» አለ አስማማው። «ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ አይደለህም።»

ምናለ ቀና አለ። ያን ጊዜ የየብርጓልን ነጠላ አየ። ዓይኑ ነጠላው ላይ ብዙ ቆየ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ትናንት ስንት ሰዓት?»

ለዚህ ጥያቄ ሽማግሌ የሚያበጅለት መልስ የለም። አስማማው ምርኩዙን ለቀቀውና በሩን ተደገፈ። «ዶሮ ሲጮኽ» አለ። «እንዳላማው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር። እስከ ዘጠኝ እንጠብቀዋለን፣ ቢዘገይም እንጠብቀዋለን ብሎ ነበር የሄደው።»

ምናለ አልጮኸም። ሊይዙት የተዘጋጁት እጆች ሁሉ ባዶ ቀሩ። ጫማውን ፈልጎ ለማጥለቅ ጎንበስ ሲል ጀርባው ወደ እነሱ ዞረ። ማልያው በጭቃና በላብ ተበላሽቷል፤ አሥር ቁጥሩ ግን ከአንድም ጫፍ አልተላቀቀም።